ቆጥሮ መፍረድ፦ የቴክኖሎጂ ገበያ ሲኒየር ተንታኝ ለመሆን ደረጃ በደረጃ

ስልኩ ይጮኻል። በዚያኛው ጫፍ ያለው የአንድ ትልቅ ድርጅት የአይቲ ኃላፊ ነው። ሦስት አቅራቢዎች ዋጋ አስገብተውለታል። ነገ ጠዋት አለቆቹ ፊት ይቀርባል። ያለው 30 ደቂቃ ነው፤ የሚፈልገው ደግሞ የአንድ ጥያቄ መልስ፦ «አንተ ብትሆን የቱን ትገዛ ነበር?»

ጀማሪ ተንታኝ እዚህ ላይ የገበያ ድርሻ ሰንጠረዥ ያነብለታል። ሲኒየሩ ግን «ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት? የአሁኑ ውላችሁ መቼ ያልቃል? ሲበላሽ ማን ነው የሚጠግንላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ይፈርዳል። ፍርዱ ሊሳሳት ይችላል። ቢሆንም ሰውየው ስልኩን ሲዘጋ የሚይዘው ነገር አለው።

ይህ መመሪያ ከመጀመሪያው ሰው ወደ ሁለተኛው እንዴት እንደሚደረስ ያሳያል። በሥራው ውስጥ ለዓመታት ስኖር ያየሁትን ነው የምጽፈው። ስለዚህ አንዳንዱ ደረጃ ላይ ብዙ እቆያለሁ፣ አንዳንዱን ደግሞ ቶሎ አልፈዋለሁ።

1. የምትገቡበትን ቤት እወቁ

«አናሊስት» ሲባል ብዙ ሰው የአክሲዮን ተንታኝ ይመስለዋል። የአክሲዮኑ ሰው «ይህን አክሲዮን ግዙ፣ ያንን ሽጡ» ይላል። የእኛ ሰው የሚለው «ይህን ሶፍትዌር ግዙ፣ ያኛውን ቆዩበት» ነው። ሁለቱ ሥራዎች ዘመዳሞች ናቸው። ጌዲዮን ጋርትነር በ1979 በስሙ የሚጠራውን ድርጅት ከማቋቋሙ በፊት በዎል ስትሪት አይቢኤምን የሚከታተል ተንታኝ ነበር። ፓትሪክ ማክጎቨርን አይዲሲ የተባለውን የገበያ ጥናት ቤት በ1964 መሥርቷል፤ ጆርጅ ኮሎኒ ደግሞ ፎረስተርን በ1983። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በግርድፉ ቤቶቹን ለሁለት መክፈል ይቻላል። ቆጣሪ ቤቶች አሉ። በየሩብ ዓመቱ ስንት ኮምፒውተር፣ ስንት ስልክ፣ ስንት ሰርቨር ከፋብሪካ እንደወጣ ይመዘግባሉ። አይዲሲ በዚህ ነው ስሙ የተተከለው። አማካሪ ቤቶች ደግሞ ገዢውን በስልክና በሪፖርት ያማክራሉ፣ አቅራቢዎችን ያወዳድራሉ። የጋርትነር ማጂክ ኳድራንትና የፎረስተር ዌቭ የተባሉት የአቅራቢ ማወዳደሪያ ሥዕሎች የዚህ ወገን ናቸው። በተግባር ሁሉም ከሁለቱም ይቀላቅላል። ለእናንተ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ቆጣሪ ቤት ከገባችሁ ቀናችሁ ኤክሴል ላይ ያልፋል። አማካሪ ቤት ከገባችሁ ስልክ ላይ።

የማዕረግ ስም እንዳያታልላችሁ። «ሲኒየር አናሊስት» ሲሰሙት ጣሪያ ይመስላል፤ በብዙ ቤት ግን የመሰላሉ መካከል ነው። ፎረስተር ዘንድ ከላዩ ፕሪንሲፓል አናሊስት አለ። አይዲሲ ዘንድ ከላዩ የጥናት ማናጀር፣ ከዚያም የጥናት ዳይሬክተር አለ። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። በሳምንት ስንት የደንበኛ ስልክ አለ? በዓመት ስንት ሪፖርት ይጠበቃል? ቁጥሩን የሚይዘው ማን ነው? መልሱ ከቢዝነስ ካርዱ በላይ ይነግራችኋል።

2. ጠባብ መስክ ያዙ

«ቴክኖሎጂ» መስክ አይደለም። «ክላውድ»ም ቢሆን ገና ሰፊ ነው። «ለሆስፒታሎች የሚሸጥ የዳታ መጠባበቂያ ሶፍትዌር» ግን መስክ ነው።

መስኩ ልክ መሆኑን የምትፈትኑት እንዲህ ነው። ባዶ ወረቀት አውጡ። ኢንተርኔት ሳትከፍቱ የአቅራቢዎቹን ስም ጻፉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ለማን እንደሚሸጥ፣ በማን በኩል እንደሚሸጥ፣ ደንበኛ ጥሎት ሲሄድ ወደ ማን እንደሚሄድ ጻፉ። ሦስተኛውን ዓምድ መሙላት የቻለ ሰው መስኩን ይዟል። ጀማሪዎች ሁለተኛው ዓምድ ላይ ይቆማሉ። እኔም ስጀምር እዚያው ነበርኩ።

ሞቅ ያለውን መስክ ሁሉም ይፈልገዋል። በጋርትነር ቤት በ1995 የወጣውና ሃይፕ ሳይክል የሚባለው ሥዕል አንድ ቴክኖሎጂ መጀመሪያ በጩኸት ጣሪያ እንደሚነካ፣ ከዚያ በብስጭት ገደል እንደሚገባ፣ ከተረፈ ቀስ ብሎ እንደሚያገግም ያሳያል። ለሥራ ፈላጊ አንድ ነገር ልጨምርበት። ቅጥር የሚበዛው ጩኸቱ ጣሪያ ሲነካ ነው፤ ስም የሚተከለው ግን ሌላው ሰው መስኩን ጥሎ ሲሸሽ ነው። ያን ጊዜ ስልክ የሚያነሳ እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ።

3. ከመቁጠራችሁ በፊት ምን እንደምትቆጥሩ ጻፉ

ይህ ደረጃ ይሰለቻል። ግን ቀሪው ሁሉ የቆመው በእሱ ላይ ነው።

በ2020 በዓለም ላይ ስንት ኮምፒውተር ተላከ? አይዲሲ 302.6 ሚሊዮን ብሎ 13.1 በመቶ ዕድገት መዘገበ። ጋርትነር 275 ሚሊዮን ብሎ 4.8 በመቶ። ዓመቱ አንድ ነው፣ ገበያው አንድ ነው፣ ቁጥሩ ግን በ27.6 ሚሊዮን ይለያያል። የዋሸ የለም። ትልቁ ምክንያት ክሮምቡክ የተባለው፣ በጉግል ሶፍትዌር የሚሠራው ላፕቶፕ ነው። አይዲሲ ቆጠረው፣ ጋርትነር በዚያን ጊዜ ከኮምፒውተር ጎራ አላስገባውም። ያ ዓመት ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ብዙ ተማሪ ቤቱ ቁጭ ብሎ በክሮምቡክ የተማረበት ዓመት ነው። አንዲት የምድብ ውሳኔ ገበያውን ከ«ደህና አደገ» ወደ «ፈነዳ» ቀየረችው።

ስለዚህ አንድ ገጽ ጻፉ። ምን ውስጥ ይገባል? ምን ውጭ ይቀራል? ዕቃው የሚቆጠረው የት ሲደርስ ነው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ አከፋፋዩ መጋዘን ሲገባ፣ ወይስ ተጠቃሚው እጅ ሲገባ? ዋጋው የፋብሪካ ነው የሱቅ? ዶላር ሲወጣና ሲወርድ ምን ታደርጋላችሁ? ይህን ወረቀት ከቁጥሩ ጋር አያይዙት። ደንበኛ «የእናንተ ቁጥር ከእነ እከሌ ለምን ይለያል?» ብሎ ሲጠይቅ (ይጠይቃል፣ በየሳምንቱ ይጠይቃል) መልሱ እዚያ አለ።

4. ከሁለት ወገን ቁጠሩ

እዚህ ላይ ረጋ ብዬ በምሳሌ ልሂድ። ቁጥሮቹ ለመማሪያ የፈጠርኳቸው ናቸው።

እንበልና የምትቆጥሩት በሱቆች ውስጥ ያለውን የባርኮድ ማንበቢያ ነው። ከገዢው ወገን ጀምሩ። በገበያው 40,000 ሱቅ አለ። ከእነሱ 30 በመቶው መሣሪያውን ይጠቀማል፤ ይህ 12,000 ሱቅ ነው። አንድ ሱቅ በአማካይ ሦስት አለው። ስለዚህ አሁን በሥራ ላይ ያለው 36,000 ነው። አንዱ መሣሪያ አራት ዓመት ይቆያል ካልን በዓመት 9,000 ያረጀ ይቀየራል። በዚህ ላይ በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ሱቆች አዲስ ይጀምራሉ፤ 800 ሱቅ በሦስት ሲባዛ 2,400። ሲደመር የዓመቱ ፍላጎት 11,400 መሣሪያ ይሆናል። አንዱ በ150 ዶላር ቢሸጥ ገበያው 1.71 ሚሊዮን ዶላር ነው።

አሁን ወደ ሻጩ ወገን ዙሩ። ሦስት አቅራቢዎች አሉ። የመጀመሪያው 6,000 ሸጥኩ ይላል። ሁለተኛው 5,000፣ ሦስተኛው 4,500። ድምሩ 15,500። የእናንተ ግን 11,400 ነበር። 4,100 መሣሪያ የት ገባ?

ጀማሪ እዚህ ላይ ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ያካፍልና ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ አታድርጉ። የሥራው ጣዕም ያለው ክፍተቱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ መጋዘኑን ጠይቁ። አቅራቢው «ሸጥኩ» የሚለው ለአከፋፋይ ያስረከበውን ሊሆን ይችላል፤ አከፋፋዩ ጋ ተከምሮ የተኛ ዕቃ ይኖራል። ሁለተኛ፣ ድርብ ቆጠራን ፈልጉ። አንዱ አቅራቢ መሣሪያውን ከሌላው ገዝቶ በራሱ ስም እየሸጠው ከሆነ አንዱ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ሦስተኛ፣ ከሱቅ ውጭ ያሉ ገዢዎችን አስታውሱ፤ መጋዘኖችና ፖስታ ቤቶች በእናንተ ሒሳብ ውስጥ የሉም። አራተኛ፣ የራሳችሁን ግምት ጠርጥሩ። አራት ዓመት ያላችሁት ሦስት ቢሆንስ? 36,000 ለሦስት ሲካፈል 12,000 ነው። ክፍተቱ ባንዴ በ3,000 ይጠባል።

አያችሁ? «መሣሪያው ስንት ዓመት ይቆያል?» የሚለው ተራ ጥያቄ ከሻጮቹ ሪፖርት ሁሉ ይበልጥ ከባድ ሆነ። እንግዲህ ለአምስት የሱቅ ባለቤቶች ስልክ ደውሉ። ለአንድ የጥገና ባለሙያም ደውሉ። ጥገና የሚሠራ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል፤ የሚጠይቀው ስለሌለ ደግሞ ደስ ብሎት ይነግራችኋል።

ከክፍተቱ የቀረውን ማስረዳት ካልቻላችሁ ሪፖርቱ ላይ ጻፉት። ያልተፈታ ክፍተት አያሳፍርም። ደብቆ ማለፍ ነው የሚያሳፍረው።

5. ስትተነብዩ ግምታችሁን አውጡት

በየካቲት 2011 ኖኪያ ሲምቢያን የተባለውን የራሱን የስልክ ሶፍትዌር ትቶ ወደ ማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ፎን እንደሚዞር አስታወቀ። በሚቀጥለው ወር አይዲሲ በ2015 ዊንዶውስ ፎን 20.9 በመቶ የስማርትፎን ገበያ ይይዛል፣ ከአንድሮይድ ቀጥሎ ሁለተኛ ይሆናል ብሎ ተነበየ። ጋርትነርም ብዙ ሳይቆይ 19.5 በመቶ አለ። 2015 ሲደርስ ድርሻው 3 በመቶ እንኳ አልሞላም። የኖኪያን የስልክ ክፍል በ2014 ጠቅልሎ የገዛው ማይክሮሶፍት በዓመቱ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ከመዝገቡ ሰረዘ።

ተንታኞቹ ሰነፎች አልነበሩም። የአይዲሲን ሰንጠረዥ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት አንድ ነገር ዓይን ውስጥ ይገባል። ለ2011 ለሲምቢያን የተሰጠው ድርሻ 20.9 ነው። ለ2015 ለዊንዶውስ ፎን የተሰጠውም 20.9። ሆን ተብሎ ይሁን በአጋጣሚ፣ ከትንበያው ሥር ያለው ሐሳብ ይታያል፤ የኖኪያ ደንበኛ ሶፍትዌሩ ቢቀየርም ኖኪያን አይለቅም። ሰውየው ግን ለቀቀ። የሚፈልጋቸው አፕሊኬሽኖች ሌላ ስልክ ላይ ነበሩ።

ከዚህ የምወስደው ቀላል አሠራር ነው። ከትንበያ ሰንጠረዡ በላይ ሦስት ወይም አራት ግምቶችን በአረፍተ ነገር ጻፉ። እያንዳንዱ ግምት የሚለካ ይሁን። «የኖኪያ ደንበኛ ታማኝ ነው» አይለካም። «ስልክ ከሚቀይሩ የኖኪያ ደንበኞች ከአሥሩ ስድስቱ ኖኪያ ይገዛሉ» ይለካል። በየስድስት ወሩ ለክታችሁ ከአሥር ሦስት ሲሆን ካያችሁ ትንበያው ሞቷል። አራት ዓመት መጠበቅ አያስፈልግም።

ስለ አማካይ ዓመታዊ ዕድገት አንዲት ወጥመድ ልጠቁም። ገበያው በ2024 10 ሚሊዮን ነው፣ በ2029 20 ሚሊዮን ይሆናል እንበል። ሰንጠረዡ ላይ ስድስት ዓምድ ስላለ ብዙ ሰው በስድስት ያሰላል፤ 12.2 በመቶ ይወጣለታል። እርምጃው ግን አምስት ነው። ትክክለኛው 14.9 በመቶ ነው። ይህን ስህተት በታተሙ ሪፖርቶች ላይ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ በራሴም ላይ።

6. ብሪፊንግ ላይ አትደንዝዙ

አቅራቢ ኩባንያዎች ስለ ምርታቸው ሊያስረዷችሁ ይመጣሉ። አንድ ሰዓት፣ አርባ ስላይድ። ብዙዎቹ ከተንታኝ ጋር ብቻ የሚሠራ ክፍል አላቸው። እነዚህ ሰዎች ጨዋዎች ናቸው፣ ስማችሁን ያስታውሳሉ፣ ያለፈውን ሪፖርታችሁን ያመሰግናሉ። ዝም ካላችሁ ሰዓቱ በስላይድ ያልቃል።

ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ባለፉት ስድስት ወራት ማን ላይ አሸነፋችሁ፣ በማን ተሸነፋችሁ? ውሉን ያላደሰው ደንበኛ ምክንያቱ ምን ነበር? «40 በመቶ አደግን» ስትሉ ያደገው ምኑ ነው?

ሦስተኛውን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ገና በሁለተኛ ዓመቴ አንድ አቅራቢ በብሪፊንግ የነገረኝን ዕድገት እንዳለ ሪፖርቴ ውስጥ አስገባሁት። ያደገው ገቢው አልነበረም። የተፈረመ ውል ነበር፤ የሦስት ዓመቱ ክፍያ በአንድ ጊዜ ተደምሮ። አንድ ደንበኛ ከኩባንያው ይፋ ሒሳብ ጋር አስተያይቶ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ጻፈልኝ። እርማት አወጣን። አለቃዬ አልጮኸም። እርማቱን ራሴ እንድጽፍና ለደንበኛው ራሴ እንድደውል ብቻ አደረገኝ። ከጩኸት ይብሳል።

ኩባንያው በምስጢር የነገራችሁን አታውጡ፣ ይፋ የሚሆንበት ቀን የተቆረጠለትንም ከቀኑ በፊት አትንኩ። ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ ያፈተለከበት ተንታኝ ሁለተኛ የሚነግረው አያገኝም።

7. የሚያስወስን አረፍተ ነገር ጻፉ

ከአንድ ረቂቅ ላይ ይህን አረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

«ገበያው ከፍተኛ ዕድገት እያሳየ በመሆኑ ገዢዎች አማራጮቻቸውን በጥንቃቄ ማየት ይኖርባቸዋል።»

ማን ይቃወመዋል? ማንም። ማን ይጠቀምበታል? እሱም ማንም። አሁን እንዲህ ይታረም፦

«ከ200 በላይ ሠራተኛ ያላቸው ገዢዎች በዚህ ዓመት የሦስት ዓመት ውል አይፈርሙ። ሁለት አቅራቢዎች በመጪው ሩብ ዓመት ርካሽ ምርት ስለሚያወጡ ዋጋው ይወርዳል ብለን እንጠብቃለን። የአንድ ዓመት ውል ይበቃል።»

ሁለተኛው ሊሳሳት ይችላል። የአይቲ ኃላፊው ግን ነገ ጠዋት ይዞት ይገባል። እኔ ረቂቅ ሳነብ የማደርገው ነገር አለ። ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን «ታዲያስ?» ብዬ በእርሳስ እጽፋለሁ። መልስ የሌለው አንቀጽ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ ከአሥር ገጽ አራት ይቀራል። ይቅር። ደንበኛ በገጽ ብዛት አይከፍልም።

ረቂቃችሁ ወደ ባልደረቦች ይሄዳል፤ ተቀዶ ይመለሳል። አትቀየሙ። ባልደረባችሁ ያላየውን ቀዳዳ ተወዳዳሪያችሁ ያየዋል።

አጭር ነገር ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት። የኩባንያ ሪፖርት ማሳጠር፣ የቃለ መጠይቅ ቅጂ ማውጣት፣ የመጀመሪያ ረቂቅ ማዘጋጀት አሁን የመሣሪያ ሥራ ነው። ቀድሞ ጀማሪ እጁን የሚያፍታታበት ይህ ነበር። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ሰውን ወደ መጠየቅ ቶሎ ሂዱ። የጥገና ባለሙያው ስልክ ላይ የነገራችሁ ነገር የትም አልተጻፈም።

8. የፍርድ ደብተር ይኑራችሁ

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብትሉኝ ይህን እሰጣችኋለሁ።

ድሮ የጋርትነር ማስታወሻዎች ላይ ከትንበያው አጠገብ በቅንፍ የዕድል መጠን ይቀመጥ ነበር፤ 0.7 ወይም 0.8 እየተባለ። ቆንጆ ልማድ ነው። ለራሳችሁ አድርጉት። ደብተር ይሁን ፋይል፣ አራት ዓምድ ይበቃል። ቀን፣ ፍርዱ በአንድ አረፍተ ነገር፣ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆናችሁ በመቶኛ፣ የሚመረመርበት ቀን። ለምሳሌ፦ «እከሌ የተባለው አቅራቢ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የአነስተኛ ድርጅቶችን ምርት ያቆማል፤ 70 በመቶ።»

ቀኑ ሲደርስ ሆነ ወይም አልሆነም ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ማብራሪያ አትጨምሩ። «በከፊል ሆነ» የሚባል ምልክት የለም፤ ሰው ራሱን የሚያታልለው እዚያ ላይ ነው።

ሠላሳ አርባ ሲሞላ ተመልከቱት። 70 በመቶ ካላችኋቸው አሥር ፍርዶች ሰባት አካባቢ ከሆኑ ሚዛናችሁ ጥሩ ነው። አራት ብቻ ከሆኑ ከልክ በላይ ትደፍራላችሁ። አሥሩም ከሆኑስ? እሱም ችግር ነው። ፈሪ ናችሁ ማለት ነው፤ ደንበኛው ያለ እናንተም የሚያውቀውን ነው የምትነግሩት። የእኔ ደብተር መጀመሪያ ላይ አዲስ ነገር ቶሎ ይስፋፋል እያልኩ እንደምሳሳት አሳየኝ። አቅጣጫው ልክ ነበር፣ ጊዜው ግን ሁልጊዜ ሁለት ዓመት ይቀድም ነበር። ደብተሩ ባይኖር አላየውም ነበር። የምናስታውሰው የተሳካልንን ነውና።

9. ፍርዳችሁን የሚጠላ ሲመጣ

ገንዘብ ከሁለቱም ወገን ይመጣል። ገዢውም ደንበኛ ነው፣ ሻጩም ደንበኛ ነው። አንባቢ «ተከፍሏቸው ነው» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የምትከታተሉትን ኩባንያ አክሲዮን አትያዙ፣ ስጦታ አትቀበሉ፣ የቤቱን ደንብ ከመጀመሪያው ቀን አንብቡት።

አቅራቢ ሲቆጣስ? ዜድኤል ቴክኖሎጂስ የተባለ ኩባንያ በ2009 በማጂክ ኳድራንት የተሰጠውን ቦታ ተቃውሞ ጋርትነርን ከሰሰ። ፍርድ ቤቱ የጋርትነር ደረጃ አሰጣጥ አስተያየት ነው፣ አስተያየት ደግሞ ጥበቃ አለው ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገ፤ ይግባኙም አልተሳካም። ይህ ግን ለእናንተ መደበቂያ አይሁን። የተቆጣ አቅራቢ ሲደውል መጀመሪያ የቁጥር ስህተት እንዳለ ጠይቁ። ስህተት ካለ በዚያው ቀን አርሙ። ስህተት ከሌለ «ውሳኔያችንን ያልወደዳችሁት ይገባኛል፤ የሚቀይረው እንዲህ ያለ ማስረጃ ነው» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። ድምፅ ከፍ ስላለ የሚቀየር ፍርድ ካለ፣ ቀጥሎ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመጣል።

10. እድገት መጠየቅና ቀጣዩ በር

ከውጭ የምትገቡ ከሆነ ሲቪ ብቻ አትላኩ። የጠባብ መስካችሁን የሁለት ገጽ ጽሑፍ ሠርታችሁ አያይዙ። ቆጠራ፣ ግምት፣ አንድ ፍርድ። በመስኩ የሠራችሁ መሐንዲስ፣ ሻጭ ወይም የግዢ ባለሙያ ከሆናችሁ ይህ ትልቅ ስንቅ ነው። ኤክሴል ይማሩታል፤ ገዢ ለምን እንደሚያመነታ መማር ግን ረጅም ነው።

ውስጥ ከሆናችሁና ሲኒየርነት ካልመጣ፣ አለቃችሁን «መቼ ነው?» አትበሉ። «እኔን በስም የሚጠሩ ደንበኞች ስንት ናቸው?» በሉ። ብዙ ቤት ውስጥ ሚዛኑ ይኸው ነው። ሽያጭ ክፍሉ አስቸጋሪ ደንበኛ ሲመጣ ወደ ማን እንደሚሮጥ ተመልከቱ። ወደ እናንተ ከሆነ ሥራውን ይዛችኋል፤ ወረቀቱ ነው የቀረው።

ከሲኒየር በላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በተንታኝነት እየጠለቁ ወደ ፕሪንሲፓል መውጣት ነው። ሌላው ሰዎችን መምራት ነው፤ የጥናት ማናጀር ስትሆኑ የራሳችሁ ጽሑፍ ይቀንሳል፣ የሌላውን ታቀናላችሁ። እኔ አንድ ዓመት ሞክሬው ተመለስኩ። ወደ አቅራቢ ኩባንያ የምርት ስትራቴጂ የሚሄዱም ብዙ ናቸው። ክፍያው ይሻላል፣ ፍርዱ ግን ከእንግዲህ የኩባንያው ነው። ብቻቸውን ወጥተው የራሳቸውን አነስተኛ ቤት የሚከፍቱም አሉ። ጌዲዮን ጋርትነር ራሱ ከመሠረተው ድርጅት ከወጣ በኋላ ጊጋ የተባለ ሌላ ቤት ከፍቶ ተወዳድሯል፤ በ2003 ፎረስተር ጠቅልሎ ገዛው።

በየትኛውም በር ብትወጡ ውላችሁን ከመፈረማችሁም ከመልቀቃችሁም በፊት አንብቡ። ለተወዳዳሪ እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። የገበያ ቁጥሩ፣ የደንበኛ ዝርዝሩ፣ የኤክሴል ሞዴሉ የቤቱ ንብረት ነው፤ አትንኩት። ከፍርድ ደብተራችሁ ግን በይፋ የታተሙትን ፍርዶች፣ የወጡበትን ቀንና ውጤታቸውን በአንድ ገጽ አዘጋጁ። የተሳሳቱትንም አትተዉ። ቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ላይ ያን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡትና ከተሳሳታችሁበት ጀምሩ።